የላፕቶፕ አማካሪያችን፣ ክቡር ኃይለየሱስ

ያን ዓመት ዝናቡ አላቆም ብሎ ነበር። እዚህ ኦክላንድ ዝናብ የሚመጣው በገና ሰሞን ነው፤ ሌላ ጊዜ ጠብ ጠብ ብሎ ይተዋል። ያን ዓመት ግን ገና አልፎ፣ ጥምቀት አልፎ፣ የሰማዩ ቀዳዳ አልደፈን አለ። እሑድ ከሰዓት ለአምልኮ ከአሜሪካኖቹ ቤተ ክርስቲያን ወደምንከራየው አዳራሽ ስንገባ የሁላችንም ካፖርት ይንጠባጠባል፤ ማሞቂያው ይንኳኳል እንጂ አያሞቅም። ቢሆንም ያን ሰሞን እወደው ነበር። ዝናብ ሲሆን ሰው ቶሎ ወደ ቤቱ አይሮጥም። በር ላይ ተጠጋግቶ ይቆማል፣ ያወራል፣ "አንቺን ማን ያድርስሽ?" ይባባላል። እኔን የሚያደርሰኝ ኃይለየሱስ ነበር።

ሐበሻ በተሰበሰበበት ሁሉ ሳይጠየቅ የሚያማክር አንድ ሰው አለ። ጉባኤ ያለ መጋቢ ወራት ሲቆይ አይቻለሁ፤ ያለ አማካሪ ሲቆይ ግን አላየሁም። አንዱ ጋ አማካሪው የመኪና ነው፤ ሞተሩን ከሩቅ ሰምቶ የሚሞትበትን ቀን ይነግርሃል። አንዱ ጋ የቤት ብድር ነው። አንዱ ጋ የጉልበት ሕመም ነው፤ ሐኪም ያዘዘልሽን አስጥሎ ነጭ ሽንኩርት ያስይዝሻል። የእኛው የላፕቶፕ ነበር።

ክቡርነታቸው በሥራቸው የኮምፒውተር ሰው አይደሉም። ሳን ሆዜ፣ የቧንቧ ዕቃ የሚያከፋፍል ድርጅት ቢሮ ውስጥ ደረሰኝ ሲመዘግቡ ይውላሉ። አንድ ጊዜ አሮጌ ላፕቶፑ አልነሣም ብሎት ሊጥለው ሲል፣ የሥራ ባልደረባው ሊኑክስ የሚባል ነገር ጫነለት። ማሽኑ ተነሣ፤ ኃይለየሱስም ከዚያ ወዲህ አልተቀመጠም። ቅዳሜ ቅዳሜ ሳን ሆዜ ልጄ ጋ ሲወስደኝ፣ ሊኑክስ ምን እንደሆነ ማስረዳት ጀምሮ ሳይጨርስ መንገዱን አጋምሰን ፍሪሞንት ደረስን። ከዚያ ሁሉ የያዝኩት ይህን ነው፤ በዊንዶውስ ፈንታ የሚጫን፣ የማይከፈልበት፣ ሌላው አርጅቷል ብሎ የጣለውን ማሽን የሚያሠራ ፕሮግራም። እሱ ግን እንደ ምስክርነት ነው የሚያወራው።

"ጌታን ያገኘሁት በልጅነቴ ነው እትዬ ትርፌ፤ ሊኑክስን ግን ዘግይቼ።"

"ኃይልዬ፣ ኧረ ተው!" ትላለች ሚስቱ ሩቲ ከፊት ወንበር። እሷን የሚያሳፍራት ሌላም ነገር ነበር። ኃይለየሱስ ሊኑክስ ያለበትን ፍላሽ በጥቁር ክር አንገቱ ላይ አንጠልጥሎ ይዞራል። "ጴንጤ ሆኖ ማተብ ያሰረ ይመስላል" ትላለች። "የማያውቀው ሰው ምን ይላል?"

ፍላሹን የሚያንጠለጥለው የትም ቦታ ላፕቶፕ ቢያጋጥመው ለመፈተን ነው። ይሰካና ያስነሣዋል። መጀመሪያ ዋይፋይ፣ ቀጥሎ ድምፅ፣ ቀጥሎ ካሜራ። ከዚያ ክዳኑን ይዘጋና ዓይኑን ጨፍኖ ይጠብቃል፤ ይከፍታል። ማሽኑ ከእንቅልፉ ከነቃ "ተባረክ" ይለዋል። ካልነቃ ራሱን ይነቀንቅና ያችን ቃሉን ይናገራል፤ "አይግባባም።" ከሊኑክስ ጋር አይግባባም ማለቱ ነው። አንድ ዕቃ አይግባባም ከተባለ በኋላ እንኳን ሊገዛው፣ አጠገቡም አይቆም።

ላፕቶፕ ሲመርጥ ልጁን የሚድር አባት ነው። ሰባት ቤት ይቆጥራል። "የዋይፋይ ካርዱ የማን ነው? ግራፊክሱስ? ያደገው ቢሮ ነው ወይስ ሱቅ?" ሱቅ ያደገ የሚለው ለቤት ተብሎ የሚሸጠውን አብረቅራቂውን ነው፤ አያምነውም። የሚወደው፣ ድርጅቶች ለሠራተኞቻቸው ገዝተው ጥቂት ዓመት ከሠሩበት በኋላ በርካሽ የሚያስወግዱትን ጥቁርና ወፍራሙን ነው። "እነዚህ ብዙ ሰው ሊኑክስ ጭኖ ስለሞከራቸው ሕመማቸው ይታወቃል" ይላል። "ትናንት የወጣው ግን ጠባዩን ማን ያውቃል?"

ከጉባኤው ወጣቶች አንዱ፣ ስንታየሁ፣ ይህን ሁሉ እያወቀ በበዓል ቅናሽ ቀጭን፣ ብርማ ላፕቶፕ ገዝቶ መጣ። ኃይለየሱስ አዳራሹ በር ላይ ያዘው።

"ማንን አማክረህ ነው?"

"ማንንም። አየሁት፣ ደስ አለኝ፣ ገዛሁት።"

"ሳታሳየኝ?"

"ጋሼ፣ በራሴ ብር እኮ ነው!"

ኃይለየሱስ ላፕቶፑን ታማሚ እንደሚጠይቅ ሰው ጎንበስ ብሎ አየው፤ ገለበጠው፤ ጀርባውን ዳሰሰው። "ራሙ ከቦርዱ ጋር የተጣበቀ ነው፤ አይጨመርበትም። ባትሪውም በሙጫ ነው" አለ። ከዚያ የስንታየሁን ትከሻ መታ መታ አደረገ። "አይዞህ። ያለ ነው።" ስንታየሁ ከዚያ ቀን ጀምሮ ላፕቶፑን በሹራብ ሸፍኖ ነበር የሚገባው።

እንግዲህ በዚያ ዝናብ የአዳራሹ ጣሪያ አንድ እሑድ አፈሰሰና የመዝሙር ላፕቶፓችን ላይ አረፈ። ግጥሙን ግድግዳ ላይ የምታወጣልን እሷ ነበረች። እልም ብላ ጠፋች፤ አልተመለሰችም።

የጠፋችበት ጊዜ ደግሞ ክፉ ነበር፤ ጽጌ ልትሄድብን ነው። ሌላው ሰው እማማ ጽጌ ይላታል፣ እኔ ጓደኛዋ ስለሆንኩ ጽጌ እላታለሁ። ከምንዘምራቸው መዝሙሮች ግማሹን የደረሰች እሷ ናት። በደርግ ጊዜ መስኮት ተዘግቶ፣ ድምፅ ተቀንሶ ሲዘመር የምታወጣው እሷ ነበረች። በዚያ የዝናብ ሰሞን እዚሁ አቅራቢያችን ኮንኮርድ ከልጇ ከወንጌላዊት ጋር ትኖራለች፤ ወንጌላዊት ሆስፒታል ሥራ ስትውል እሷ ወንበሯ ላይ ትውላለች። በወሩ መጨረሻ ሚኒሶታ፣ ወንድ ልጇ ጋ ልትዛወር ነው። በዚያ ዕድሜ የሄደ ሰው ለጉብኝት እንኳ እንደማይመለስ እናውቃለን። ስለዚህ የምስጋና እሑድ ቆረጥንላት፤ እሷን ፊት አስቀምጠን የእሷን መዝሙሮች ብቻ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ልንዘምር። ችግሩ፣ ሁላችንም በቃላችን የምናውቀው አዝማቹን ነው። ግጥሙ ግድግዳ ላይ ካልወጣ ጉባኤው አዝማቹን ብሎ ዝም ይላል። ደራሲዋ ፊት ዝም! ይህን ሳስብ እንቅልፍ ይነሣኝ ነበር።

የአገልግሎት ኮሚቴ ሰብሳቢዋ መንበረ ነገር አታንዛዛም። "ነገ ሱቅ ሄጄ እገዛለሁ፤ አለቀ" አለች።

ክቡርነታቸው ከኋላ ወንበር ተነሡ። "እህት መንበረ፣ ሳታሳዪኝ?"

"ጊዜ የለንም ወንድም ኃይለየሱስ።"

"ባለችን ብር ከሱቅ የምታመጪው መጫወቻ ነው። በዚያችው ብር ዓመታት የሚያገለግል አመጣለሁ። ትንሽ ታገሡኝ።"

ታገሡት። ከዚያ የሆነውን አብሬው ስለዞርኩ አውቃለሁ። ሳን ፓብሎ፣ አንድ የልብስ ማጠቢያ ቤት ፓርኪንግ ውስጥ፣ ኦንላይን ማስታወቂያ ያወጣ ጎረምሳ ጠበቀን። ዝናቡ ይወርዳል። ኃይለየሱስ ላፕቶፑን የመኪናው ኮፈን ላይ ዘረጋ፤ እኔ ጃንጥላ ያዝኩ፤ ለእሱ ሳይሆን ለላፕቶፑ። ዋይፋዩ ሠራ፣ ድምፁ ሠራ፣ ክዳኑ ተዘግቶ ተከፈተ፤ ስክሪኑ ጥቁር። እንደገና፤ ጥቁር። ጎረምሳው በእንግሊዝኛ "ትገዛለህ ወይስ አትገዛም?" አለው። ኃይለየሱስ ወደ እኔ ዞሮ "አይግባባም" አለ፤ ለልጁ ደግሞ እጁን ጨብጦ "ጋድ ብለስ ዩ" ብሎት ሄድን። ኮንኮርድ ያየነው ደግሞ ባትሪው እንደ ዳቦ ተነፍቶ ነበር። መንበረ በየምሽቱ ትደውላለች፤ እሱም "እያጣራሁ ነው" ይላታል።

በመጨረሻ ሳን ሆዜ፣ ከየቢሮው የወጣ ዕቃ የሚሸጥበት መጋዘን ውስጥ አገኛት። ጠርዟ የተፋፋቀ፣ የቁልፎቿ ፊደል የደበዘዘ፣ ወፍራም ጥቁር ላፕቶፕ። ፍላሹን ሰካ። ዋይፋይ፣ ሠራ። ድምፅ፣ ሠራ። ጀርባዋን ፈትቶ አየ፤ ራም ይጨመርባታል፣ ባትሪዋ በብሎን ነው የተያዘው። ክዳኗን ዘጋ፣ ዓይኑን ጨፈነ፣ ከፈተ። ነቃች።

"ተባረኪ" አለ። እኔም ሳላስበው "አሜን" አልኩ።

ከምስጋናው በፊት ባለው እሑድ ጥቁሯ ላፕቶፕ አዳራሽ ገባች። ቶሎ ተነሣች፤ ፕሮጀክተሩን ወዲያው አወቀችው። ኃይለየሱስ እንደ ሙሽራ ሚዜ አጠገቧ ቆሟል። መዝሙር የምታወጣው ሐኒ ከአሮጌዋ ላፕቶፕ ቀደም ብሎ ተቀድቶ የነበረውን ፋይል ከፈተች።

ግድግዳው ላይ የወጣው አማርኛ አልነበረም። የፈረንጅ ፊደል ነው፤ አናቱ ላይ ጭረትና ነጥብ የተደፋበት፣ መሀል መሀሉ የገንዘብ ምልክትና የጥያቄ ምልክት የተሰገሰገበት። ጉባኤው አፉን ከፍቶ ቀረ። ከኋላ ስንታየሁ ጮኸ፤ "ልሳን ነው! የሚተረጉም አለ?"

ጌታ ይቅር ይበለኝ፣ ሳቅኩ።

"የጋሼ ሊኑክስ አማርኛ አልተማረም" አለና ስንታየሁ የራሱን ብርማ ላፕቶፕ ከሹራቡ አውጥቶ ሰካ። ያው ልሳን ወጣ። ስንታየሁ ላፕቶፑን ሸፍኖ ተቀመጠ።

መንበረ አልሳቀችም። "ወንድም ኃይለየሱስ፣ ሁሉን ስትፈትን መዝሙሩን አልፈተንክም?"

"አልፈተንኩም" አለ።

ነገሩ ኋላ ገባን። መዝሙሮቹ የተጻፉት ከብዙ ዓመት በፊት በድሮ የግዕዝ ፕሮግራም ነው። ያ ፕሮግራም በፈረንጅ ፊደል ላይ የአማርኛ ጭምብል የሚያለብስ ዓይነት ነበር። ጭምብሉ ያለው አሮጌዋ ላፕቶፕ ውስጥ ብቻ ነበርና አብሯት ሞተ። ይህን ያህል ዓመት ስንዘምር የምናነበው ጭምብል መሆኑን ማናችንም አላወቅንም።

ሰኞ ዕለት ኃይለየሱስ ከሥራ ኦፍ ወሰደና እኔን ይዞ ኮንኮርድ ሄደ። ጽጌ ወንበሯ ላይ ናት። ጥቁሯን ላፕቶፕ ጉልበቱ ላይ አድርጎ ፊቷ ተቀመጠ።

"እማማ፣ መዝሙሮችዎን ከአፍዎ ልጽፍ መጣሁ።"

"ሁሉንም?"

"ሁሉንም።"

ጽጌ ጉሮሮዋን ጠራርጋ ጀመረች። መጀመሪያ ስታወራ ያህል ነበር፤ ቆይቶ ዜማው ራሱ ይዟት ሄደ። እሱ ቁልፉን እየፈለገ ይነካል።

"አንተ ልጅ፣ በአንድ ጣት ነው እንዴ የምትጽፈው?"

"በሁለት ነው እማማ። አንደኛዋ ደክሟት ነው።"

"እስቲ የጻፍከውን አንብብልኝ።"

አነበበላት። ጽጌ በሳቅ ፈረሰች። "መዝሙር ነው እንጂ ደረሰኝ አይደለም እኮ! ስንት ዕቃ ገባ ስንት ወጣ አስመሰልከው!"

ማክሰኞም ሄድን። ረቡዕ፣ ጽጌ ምርኩዟን ይዛ ወደ መታጠቢያ ቤት ስትገባ፣ ኃይለየሱስ ስክሪኑ ላይ አንድ ነገር ከፈተ። መነጽሬን አደረግኩ። መዝሙሮቹ ናቸው። ሁሉም፣ በጥሩ አማርኛ፣ እንደ ድሮው ተደርድረው።

"ኃይለየሱስ! ይሄ ምንድን ነው?"

"ቀስ ይበሉ እትዬ። ማታ አንድ ወዳጄ ያንን የድሮ ፊደል ከአዲስ አበባ በቴሌግራም ላከልኝ። ስጭነው ሁሉም ተመለሰ።"

"ታዲያ ለምን አትነግራትም? ለመንበረስ?"

ወደ መታጠቢያ ቤቱ በር አየ። "እማማ ፋይሉ ውስጥ የሌለ ስንኝ እያመጡ ነው" አለ። ደግሞ፣ "ወንጌላዊት ምን እንዳለችኝ ያውቃሉ? እናቴ ስትዘምር ከሰማሁ ዓመት አልፎኛል አለችኝ።"

የምርኩዙ ድምፅ ተሰማ። ፋይሉን ዘጋው። "እሺ እማማ፣ የቱ ጋ ነበርን?"

ጽጌ ተቀመጠች። "አንዲት ስንኝ አለች" አለች። "ባለቤቴ ታስሮ ሳለ የደረስኳት። ለማንም አላወጣኋትም፤ የኔ ብቻ ትመስለኝ ነበር።" ከዚያ ቀስ ብላ አዜመቻት፤

ደጄን ዘግቼ ስቀመጥ፣
አንተ ከውስጥ ነበርህ ለካ።

ኃይለየሱስ ጻፈ። እስከ ዐርብ ተመላለሰ። መንበረ "ደረሰ?" እያለች ትደውላለች፤ እሱም "እየደረሰ ነው እህቴ" እያለ የእሷን ቁጣ ይጠጣል። እኔም ዝም አልኩ።

በምስጋናው እሑድ ጽጌ ፊት ወንበር ላይ ተቀመጠች። ግድግዳው ላይ ፊደሉ ጥርት ብሎ ወጣ፤ ጉባኤው ከዳር እስከ ዳር ዘመረ። ያች ስንኝ ስትመጣ ግን ሰው ተደናገረ። ማንም አያውቃትም፤ ከበሮው ቆመ። በዚያ ጸጥታ የጽጌ ድምፅ ብቻውን ወጣ፤ የከሳ፣ የሚንቀጠቀጥ፣ ግን ያልሳተ። ሁለተኛውን ጊዜ ሐኒ ተከተለቻት። ሦስተኛውን ሁላችንም ግድግዳውን እያነበብን ገባን። ኃይለየሱስ ላፕቶፑ አጠገብ ቆሞ ዜማውን እያበላሸ ከሁላችንም በላይ ይጮኻል።

ጽጌ ሚኒሶታ ሄደች፤ ሁለት ክረምት ቆይታ እዚያው አረፈች። ስንኟን አሁን ወጣቶቹ ሳያነቡ ይሏታል።

ብዙ የሚያውቅ ሰው በዕድሜዬ ሞልቶ አይቻለሁ። የሚያውቀውን ለሰው ሲል የዋጠ ግን፣ ያውም ምክር ካልሰጠ የሚታመም ሰው፣ እሱን ነው ያየሁት። ለዚያ ሳምንት ስል፣ ከዚያ በኋላ መኪናው ውስጥ ስለ ራምና ስለ ባትሪ የነገረኝን ሁሉ እስከ ሳን ሆዜ ድረስ "እህ" እያልኩ ሰምቼለታለሁ። አሁን የሚነግረኝ ሰው የለም፤ ዝም ብዬ በባቡር ነው የምሄደው።

ኃይለየሱስና ሩቲ የቤት ኪራዩ ከበዳቸውና ባለፈው ዓመት ወደ ሳክራሜንቶ ሄዱ። እስከማውቀው ድረስ ያሉት እዚያው ከከተማው ዳር፣ ኤልክ ግሮቭ ነው፤ እሱ አንድ የመድኃኒት መጋዘን ሒሳብ ክፍል ይሠራል።