ክር የታሰረበት ዋንዛ

«እምዬ፣ ይህ ዛፍ የማን ነው?» አለችኝ ልጄ አስካለ፣ የወተት ጥርሷ ሳይወልቅ፣ በደጃችን ያለውን ዋንዛ እያሳየች። «የእግዜር ነው፤ ጥላው ግን የእኛ» አልኋት። ልጅ በዚህ ይረካል። ጎረቤት ግን አይረካም፤ እናንተም ጎረቤት አላችሁና ታውቁታላችሁ።

ያቺ ጠያቂ አድጋ አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ገባች። ከመምህሯ ጋር የትምህርት ቤታቸውን ግቢ ዛፍና ቁጥቋጦ በየዓይነቱ ሲለዩ፣ የበዛው ባሕር ዛፍና ሌላም ከባሕር ማዶ የመጣ ሆኖ ተገኘ። «የአገሩማ በእኛ ቤተ ክርስቲያን ዐጸድ ሞልቷል» ብላ፣ ሁለቱን አስተያይታ የመመረቂያ ጽሑፏን ልትጽፍበት፣ ለክረምት ዕረፍት ወደ አገራችን ወደ እስቴ መጣች።

ደስ አለኝ። ብቻ የመጣችው መለኪያ ገመድ ይዛ ነው። በንጉሡ ዘመን በእኛ አገር ገመድ ይዞ የመጣ ሁሉ መሬት ለክቶ ግብር የሚያስጨምር ነበር የሚመስለን፤ ያ ፍርሃት ዛሬም አልለቀቀንም። አስካለ በዐጸዱ ያለውን የወይራ ወገብ በገመድ አቅፋ፣ ሁለተኛ እንዳትለካው ነጭ ክር ስታስርበት፣ አገሩ በየአጥሩ ሥር ቆሞ ያያታል።

ከሰዓት በኋላ ጎረቤቴ አያ ደሴ ሽማግሌዎቹን አስከትለው ደጄ መጡ።

«ይመኙሻል፣ ልጅሽን እንወዳታለን፤ ገመዷን ነው የጠላነው።»

«አያ ደሴ፣ የምትለካው ዛፍ እንጂ መሬት አይደለም።»

«ዛፉ ታዲያ በአየር ላይ ነው የቆመው?»

አስካለ ስለ ዛፍ ዝርያ ታስረዳቸው ጀመር። ባስረዳች ቁጥር ግብሩ የከበደ መሰላቸው። «ነገ ጠዋት ክሩን እንፈታዋለን» ብለው ሄዱ። ልጄ ገመዷን ጠቅልላ ተቀመጠች፤ «ካልጨረስሁ መመረቄ ቀረ፣ እምዬ» አለች።

እኔ ፊደል ቆጥሬ ዳዊት ከመድገም አላለፍሁም፤ ጎረቤቶቼን ግን ጠንቅቄ ተምሬያለሁ። አያ ደሴ ከግብር የባሰ የሚፈሩት አንድ ነገር አለ፤ ለሌላው ደርሶ ለእሳቸው የሚቀር ነገር።

በማግስቱ ዳዊቴን ደግሜ፣ ወደ ቤተ ክርስቲያን የሚያልፍ ሁሉ የሚያየውን ያንን ዋንዛዬን በነጭ ክር አሰርሁት፤ ከሥሩም ተቀምጬ እንዝርቴን ማሾር ያዝሁ። ክር ሊፈቱ የወጡት ሽማግሌዎች ቀጥ ብለው ቆሙ።

«በገዛ ዛፍሽ?» አሉ አያ ደሴ።

«በገዛ ዛፌ። የሚመጣ ነገር ካለ ከእኔ ይጀምር።»

አያ ደሴ ዋንዛውን ዞረው አዩት። ክሩን ነካ፣ ሳብ አደረጉት። ከዚያ ጠጋ ብለው፣ ሌሎቹ እንዳይሰሟቸው ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ «በጓሮዬ አንዲት ብሳና አለች፤ እሷስ ልትቀር ነው?» አሉኝ።

ክር ቆረጥሁላቸው።