ሲስተም የሚሉት ሰውዬ

እናንተዬ፣ ከመካከላችሁ ሲስተምን በዓይኑ ያየ አለ? የቤቴን ካርታ ልወስድ ከግራና ከተማ ወደ መርሳ ማዘጋጃ ቤት በመጣሁ ቁጥር መስኮቱ ላይ ያለችው ልጅ «አባቴ፣ ዛሬ ሲስተም የለም» ትለኛለች። ታሞ የቀረ ሰው መስሎኝ «አላህ ያሽረው» ብዬ እመለስ ነበር።

ትናንት ግን በሩ ላይ የቆመ ደላላ ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብሎ «በሲስተም ላስጨርስልዎት?» አለኝ።

«የለም ተባልኩ እኮ!»

«እሱ ሌላ ነው። ይሄኛው ለሻይ የምትሆን ትንሽ ነገር ይፈልጋል።»

ለካ በሽተኛው ሻይ ሲሸተው ብድግ የሚል ኖሯል! እኔ ደግሞ ሻይ አላፈላለትም። ተመልሼ ገባሁና አግዳሚው ላይ ተደላድዬ ተቀመጥኩ።

ቢሮው ሊዘጋ ሲል ልጅቷ መጣች። «አባቴ፣ ይነሱ እንጂ!»

«በምን ልነሳ ልጄ? ዛሬ እግሬ ሲስተም የለውም።»