ኮብልስቶን የሳመው ሻምፒዮን

ስለ መኪና ውድድር የማያውቀው ነገር የሌለ ሰው ገጥሟችሁ ያውቃል? እኔ ደብረ ብርሃን ላይ ገጥሞኛል፤ ባጃጅ ነጂው ደምሴ ነው። በአንድ ዝነኛ የአሜሪካ ውድድር አሸናፊው ወተት እንደሚጠጣ፣ መድረሻ መስመሩ ላይ ያለውንም ጡብ ተንበርክኮ እንደሚስም፣ ሳልጠይቀው አስተምሮኛል።

ትናንት ጠዋት የፈተና ወረቀት ታቅፌ ተሳፈርኩ። ፈተናው ሊጀመር አሥር ደቂቃ ቀርቶታል። ደምሴ ከፊታችን የነበረውን ባጃጅ ቀደመና ቀጥ አድርጎ አቆመ። ከዚያ ወርዶ ኮብልስቶኑን ሳመ።

«ደምሴ፣ ተማሪዎቼ እየጠበቁኝ ነው።»

«ቲቸር፣ ደንብ ነው እኮ። እንዲያውም ወተቱ ቀርቷል።»

የተቀደመው ነጂ ደርሶ አጠገቤ ቆመ።

«አንተስ ስለ ውድድር ታውቃለህ?» አልኩት።

«ኧረ ቲቸር፣ እኔ ከመንዳት ሌላ የማውቀው የለም።»

ወረቀቶቼን እንደታቀፍኩ ዘልዬ የእሱ ባጃጅ ውስጥ ገባሁ፤ በሰዓቱም ደረስኩ።