ገዥው ያነበቡት ልብ ወለድና የኤላው ተራ

ዓመቱ ሺህ ዘጠኝ መቶ ሃምሳ ስምንት ነበር። የበልጉ ዝናብ ቀርቶ ነገሌ በፀሐይ ደርቃለች።

እኔ አራተኛ ክፍል ላይ ያቆምኩ ገበሬ ነኝ፤ በመጽሐፍ ላይ ክፉ አልናገርም። ግን እናንተ የተማራችሁ አንድ ነገር አስረዱኝ፦ ሰው ወረቀት ላይ ላለ ግፍ እንባው ዱብ ዱብ እያለ፣ እግሩ ሥር ያለውን እንዴት ሳያየው ይቀራል? እኔን ያንገበገበኝ ይኸው ነው።

የወረዳችን ምክትል ገዥ ልብ ወለድ ይወዱ ነበር። አንድ ቀን ከብቶቻቸውን አስነድተው ወደ ኤላው፣ ወደ ጥልቁ የውሃ ጉድጓድ መጡ። እኛ ቀጂዎቹ ትንፋሽ ልንወስድ ወጥተን ግራር ሥር ተቀምጠናል። እሳቸውም ተቀምጠው ያነበቡትን ይተርኩልን ጀመር። አንድ ነጭ ላሠልጥናችሁ ብሎ ጥቁሮች አገር ይገባል። መጀመሪያ ከወንዛቸው ውሃ ለምኖ ይጠጣል፤ ኋላ ወንዙ የእኔ ነው ይላል፤ በመጨረሻ ልቡ በስብሶ ሰውን በጅራፍ ይነዳል።

«አይ ጭካኔ!» አሉ መሐረባቸውን አውጥተው። «እንዲህ ያለውን ሰው እንዴት እንቅልፍ ይወስደዋል?»

ይህን ብለው ለእረኞቻቸው በአገጫቸው ጠቆሙ። ከብቶቻቸው ተራ የሚጠብቀውን የከብት ሰልፍ ጥሰው ወደ ባዶው ገንዳ ገቡ።

እዚህ አገር የውሃ ተራ ቀልድ አይደለም። ተራውን የሚያስከብሩት ሽማግሌ አባ ሄሬጋ ይባላሉ፤ ያን ጊዜ ኦቦ ጃርሶ ነበሩ። ድምፃቸውን ሳያነሱ፣ በኦሮምኛ ሰላም ብለው፣ «አካም ጌታው፣ ናጋ? የእርስዎ ተራ ከነገ ወዲያ ነው» አሏቸው።

ገዥው ሳቁ። «ከብት ተራ ያውቃል እንዴ?»

«ከብቱስ አያውቅም። እኛም የምንነግረው ለባለቤቱ ነው።»

ገዥው ፊታቸውን ወደ እኔ አዞሩ። «ተነስና ቅዳ! አንተ እንደ እኔ ከሰሜን የመጣህ የእኛው ሰው ነህ፤ በሬዎችህን ከእኔ ከብቶች ጋር ቀላቅል።»

ሁለቱ በሬዎቼ ሰልፉ ጭራ ላይ ምላሳቸውን አውጥተው ቆመዋል። ተራዬ ሳይደርስ ውሃው ቢያልቅ በሬም እርሻም የለኝም። ደግሞ እኛ ቀጂዎች ከታች እስከ ላይ ባልዲ የምንቀባበል ነን፤ አንድ ሰው ከጎደለ ውሃው አይወጣም።

«ጌታዬ» አልኳቸው፣ «ለዚያ ነጭ ውሃውን ማን ነበር የሚቀዳለት?»

«ሎሌዎቹ ናቸዋ!»

«መጽሐፉ ስለ እነሱ ምን ይላል?»

ገዥው መሐረባቸውን ወደ ኪሳቸው መልሰው፣ «ቅዳ ብያለሁ!» አሉ።

ያን ጊዜ አልቀዳም ብዬ ቆረጥኩ። በሬዎቼን እዚያው ጭራው ላይ ተውኳቸው፤ ባልዲዬን ገንዳው ፊት ደፋሁና ተቀመጥኩበት።