እጃችን የወጣበት ሐሙስ

ማርያምን! አታምነኝም። ካሁኑ ልንገርህ፤ በዓይኔ አይቼ፣ በገዛ እጄ ሠርቼው፣ እኔም አላመንኩት። ያገሬ ሰዎች «ለአንድ ቀልድ ሦስት ውሸት ይቀላቅላል» እያሉ ያሙኛል። ስም ማጥፋት ነው፤ ከሁለት አልፌ አላውቅም። ይኼኛው ግን አንድም የለበትም።

ሮማ ውስጥ፣ ከተርሚኒ ባቡር ጣቢያ ወረድ ብሎ፣ አንድ ያረጀ ሲኒማ ቤት ነበር። ፊልም ማሳየት ከተወ ቆይቷል። ወንበሩ ግማሹ ተነቅሏል፤ አይጦቹ ከመጥገባቸው የተነሳ ድመት ያባርራሉ። ባለቤቱ ሐሙስና እሑድ ከሰዓት በኋላ ለእኛ ለሐበሾች ለቀቀልን። ለምን ሐሙስና እሑድ? የሮማ ቤት ሠራተኛ የምታርፈው ያን ጊዜ ነዋ! ያገርህ ልጅ ሳምንቱን ሙሉ የሰው ወለል ስታሽ ትከርምና፣ ሐሙስ ከሰዓት በሩ ይከፈትላታል። ውጪ፣ ተናፈሺ ትባላለች። የት ልሂድ ብሎ ነገር የለም። እመቤቲቱ እንግዳ አለባት።

አዳራሹ ሳይገኝ በፊት ሴቶቻችን ጣቢያው ወንበር ላይ ነበር የሚውሉት፣ ባቡር የሚጠብቅ መንገደኛ መስለው። ፖሊስ መጥቶ «ወዴት ነው ጉዞው?» ይላቸዋል። እትዬ ብርሃኔ አንድ ክረምት ሙሉ «ሚላኖ» ሲሉ ከረሙ። ሚላኖን እስከ ዛሬ አላዩትም።

አዳራሹን ለምነው ያስለቀቁት እኒሁ እትዬ ብርሃኔ ናቸው። ትልቅ ሴት ናቸው፤ ጸጉራቸው ሸብቷል። የሚያድሩት በአሠሪዎቻቸው ማድ ቤት ጀርባ፣ እግር ሲዘረጉ በሩ በሚከፈትባት ክፍል ነው። እዚያ ቤት ስማቸው እንኳ ብርሃኔ አይደለም፤ ለመጥራት ይቀላል ብለው «ቢያንካ» አሏቸው። ሐሙስ ከሰዓት አዳራሹ በር ላይ ነጠላቸውን አጣፍተው ሲቆሙ ግን እትዬ ብርሃኔ ናቸው። የመጣው ሁሉ ዝቅ ብሎ ይስማቸዋል። «ሐሙስ ባይኖር ስሜን እረሳው ነበር» ብለውኛል አንድ ቀን። ቀልድ መስሎኝ ሳቅሁ። እሳቸው አልሳቁም።

እዚያ አዳራሽ ውስጥ ጋሽ ማሪዮ አኮርዲዮን ይጫወታሉ፣ ሕዝቡ ትከሻውን ይመታል፣ በመሐል እኔ እቀልዳለሁ። እንደ ልቤ! አገር ቤት እኮ ቀልዴን ገበሬ ማኅበሩ በስብሰባ ነበር የሚያጸድቀው። አንድ የአህያ ቀልድ ነበረችኝ፤ ሠርግ ላይ ሰው አፈር ላይ የምታንከባልል። የኪነት ኮሚቴው አስጠርቶኝ «አህያው የየትኛው መደብ ነው?» አለኝ። ጭነት ተሸካሚ ነው፣ ጭቁን መሆን አለበት አልኩ። «ታዲያ በጭቁን ይሳቃል?» ብለው አህያውን አወጡብኝና በቦታው የፊውዳል በቅሎ አስገቡ። ማንም አልሳቀም። ሊቀመንበሩ «አጨብጭቡ!» አለ፤ ተጨበጨበ። ያን ቀን ነው አገሬ የመረረኝ። ሰው በጥይት ይሸሻል፤ እኔ በበቅሎ ሸሸሁ።

አሎራ፣ ወደ አዳራሹ ልመልስህ። ከበላዩ ሲኞራ አሱንታ የሚባሉ አሮጊት ይኖራሉ። እኛ ስንጨፍር ሳህኖቼ ቁም ሣጥን ውስጥ አብረው ይጨፍራሉ ብለው ለሰፈሩ ኮሙኔ፣ ለማዘጋጃ ቤቱ ማለቴ ነው፣ ከሰሱን። ይክሰሱ፣ ሳህኑ የሳቸው ነው። ኮሙኔው ግን ምን አመጣ መሰለህ? አዳራሹ ይዘጋና የሞተር ብስክሌት ማቆሚያ ይሁን! ልብ አድርግ እንግዲህ። ሞተር ብስክሌት ማረፊያ ያስፈልገዋል፣ ያሳዝናል፣ ዝናብ ይመታዋል። ብርሃኔ ግን ሚላኖ ትሂድ!

በዚህ ከሁላችንም ይልቅ የነደዱት ጋሽ ማሪዮ ነበሩ። አባታቸው ጣልያን፣ እናታቸው ያገራችን ሰው ናቸው። የተወለዱባትን ከተማ ስም አልጠራም፣ ተወላጆቿ ሰው ይከሳሉ። በልጅነታቸው ጣልያን የሚገዛት፣ ቤት እንደ አሸን የሚፈላባት ከተማ ነበረች። የዚያች ከተማ ሹማምንት ሜዳ ላይ ነጭ ሸራ ወጥረው ማታ ማታ ፊልም ማሳየት ፈለጉ። ታዲያ ክርክር ተነሣ። አንዱ ሹም «ጥቁሩ ፊልሙን ካላየ ታላቅነታችንን በምን ያውቃል?» አለ። ሌላው «አጠገባችን ተቀምጦ ካየማ ታላቅነታችን የቱ ላይ ነው?» አለ። ክረምቱን ሙሉ ተሟገቱ፤ ያን ጊዜ ሁሉ መንገዱ ጭቃ፣ ቧንቧው ደረቅ ነው። በመጨረሻ ወሰኑ። ነጩ ከሸራው ፊት፣ ጥቁሩ ከሸራው ጀርባ!

ከጀርባ ስታይ ሁሉ ነገር ግራ ቀኙ ተገልብጦ ነው የሚታይህ። ጽሑፉ ተገልብጧል፤ ይሁን፣ በቀናውም የሚያነበው አልነበረም። ያ ራሰ በራ መሪያቸው ለሰላምታ ቀኝ እጁን ወደ ላይ ሲሰድ ግን ግራው ሆኖ ታየ። የከተማው ሰው በሙሉ «የጣልያን ንጉሥ ግራኝ ነው» ብሎ አመነ። ጋሽ ማሪዮ ይኼን ሲያወሩ መጀመሪያ ይስቃሉ። ቀጥሎ አይስቁም። አባታቸው ከሸራው ፊት፣ እናታቸው ከሸራው ጀርባ ነበር የሚቀመጡት። «እኔ በየት በኩል ልቀመጥ? ይኼን ኮሙኔው አልወሰነም!» ይሉና ጠረጴዛውን በጡጫ ይመቱታል። ያን ጊዜም ኮሙኔ፣ አሁንም ኮሙኔ። ያን ጊዜም የድኻ ሲኒማ፣ አሁንም የድኻ ሲኒማ። ምን አለ እንግዲህ የሰው ጨዋታ ላይ ሳይቆሙ ከተማ ቢያስተዳድሩ?

የሰፈሩ ሰው ሐሙስ ከሰዓት እዚያው አዳራሻችን ውስጥ ተሰብስቦ እጅ በማውጣት እንዲወስን ተባለ። ቁጥራችን ይበልጣል፣ ቀኑ የኛ፣ ቤቱ የኛ። አለቀ በቃ! እንደዚያም ሆኖ እትዬ ብርሃኔ ቀድመው ልምምድ አስገቡን። «ልጆቼ፣ ሰውየው ምንም ቢል 'ኖ' ነው። አንድ ቃል ናት፣ አትጠፋችሁም።» እኔ ሹሙን ሆኜ ጠረጴዛው ላይ ወጣሁ። ይዘጋ ወይ? ስል «ኖ!» ብለው ጮኹ፤ ከጣሪያው የወረደው አቧራ ሦስት አህያ ይጭናል። ሲኞራ አሱንታ ከላይ ወለሉን በመጥረጊያ ደበደቡት። እኛም መልሰን «ኖ!» አልናቸው። እንዲህ ያለ ጀግና ሕዝብ አይቼ አላውቅም።

ቀኑ ደረሰ። ፈረንጆቹ ከግራ፣ እኛ ከቀኝ ተቀመጥን። የኮሙኔው ሹም ገባ።

ወዳጄ፣ ሙቀት ነበር። ሰውየው ሙቀቱን ፈርቶ ምን ለብሶ ቢመጣ ጥሩ ነው? ባለ አራት ኪስ ካኪ ኮት! አጠገቤ የተቀመጠችው ልጅ ትንፋሿ ቆመ። ከጠረጴዛው ኋላ ተቀመጠ፣ ከጠርሙሱ ውኃ ቀዳ፣ ማይክሮፎኑን በጣቱ ቷ ቷ አደረገና ጉሮሮውን ጠረገ። የኔን ሊቀመንበር ከገበሬ ማኅበሩ በአውሮፕላን አስመጥተው ያስቀመጡት ነው የመሰለኝ። በየመሥመሩ ወገቡ የማይቀና ሰው አልነበረም።

ከግራ በኩል ፈረንጆቹ ሹሙን ይሰድቡት ጀመር። አንዱ ሌባ አለው። አንዷ የእናቱን ስም አነሣች። ሲኞራ አሱንታ ቆመው «ደረጃው መብራት ከጠፋ ስንት ጊዜው ነው፣ አንተ ቂል!» ብለው ከዘራቸውን ነቀነቁበት። እኛ መሬት መሬቱን እናያለን። ከኋላዬ አንዱ «እኛ የለንበትም በሉ፣ አሁን በሩን ይዘጉታል» ብሎ አንሾካሾከ። ሹሙ ግን ይስቃል እንጂ አይቆጣም፤ ይኼ ደግሞ የባሰ አስፈራን። የሚስቅ ሊቀመንበር እናውቃለንና።

በኋላ ማይክሮፎኑን አስጠጋና «አሎራ፣ አዳራሹ ይዘጋ የሚለውን የሚደግፍ?» አለ።

ጋሽ ማሪዮ ባማርኛ ተረጎሙልን፣ እኛ ግን አስተርጓሚ መች ፈለግን! «የሚደግፍ?» ሲባል ባገራችን አንድ መልስ ብቻ ነው ያለው። ክንዴ ትከሻዬን ሳያማክር ወጣ። ዘወር ብል ደን ነው፤ ቀኙ በሙሉ እጅ በእጅ ሆኗል። ሁለቱንም ያወጣ አለ። ከኋላ ጭብጨባ ተጀመረ። ጋሽ ማሪዮ «ኧረ እናንተ ሰዎች!» እያሉ ፊታቸውን ያዙ።

እትዬ ብርሃኔስ? የሳቸው እጅ ከሁላችንም ቀድሞ ነው የወጣው። ቀና ብለው የሌላ ሰው እጅ እንደሚያይ አዩት። በግራ እጃቸው የቀኙን አንጓ ይዘው ወደ ታች ጎተቱ። አልወረደም። ከንፈራቸው «ኖ፣ ኖ» ይላል፤ ድምፅ የለውም።

ሹሙ ግራ ገባውና «የሚቃወም?» አለ።

ያው የወጣው እጅ እንደ ተንጠለጠለ ነው፤ ፈረንጆቹም የፈለጉት እንዲዘጋ ነውና አዲስ እጅ አልወጣም።

«ድምፀ ተአቅቦ?»

ጭራሽ! እንኳን አዲስ እጅ፣ ዓይን ያነሣ የለም።

ሰውየው ብዕሩን አስቀመጠ። እዚህ ወንበር ላይ ከተቀመጠ ጀምሮ እንኳን በአዳራሽ፣ በውሻ ጉዳይ እንኳ ሰው ተስማምቶለት እንደማያውቅ ለጸሐፊዋ በጆሮዋ ሲነግራት ጋሽ ማሪዮ ሰምተዋል። «ቫ ቤኔ»፣ እንግዲያው ይሁን፣ አለ፤ ምን ይበል? ዛሬ በዚያ በኩል ብታልፍ ሞተር ብስክሌቶቹ በጥላ ተኝተው ታገኛቸዋለህ።

ያን ጊዜ ሲኞራ አሱንታ ከመቀመጫቸው ተነሡ። ከሳሻችን እኮ ናቸው፣ ረትተዋል፣ ደስ ሊላቸው ይገባ ነበር። እሳቸው ግን ያንጠለጠልነውን እጅ ዙሪያውን አዩት፣ እትዬ ብርሃኔን አዩአቸው፣ ከዘራቸውን መሬት ላይ ጠበጠቡና ጮኹብን፦

«እናንተ ሰዎች! ሹም ያለውን ሁሉ እሺ የምትሉ ከሆነ፣ ታዲያ ካገራችሁ ምን አሸሻችሁ?»