ችኩሉ አሜን ባይ

ጸሎቱ ሳያልቅ «አሜን!» ብሎ የሚጮህ ሰው ገጥሟችሁ ያውቃል? ሩቅ አትፈልጉት፤ እኔው ነኝ። በካድሬ ንግግርና በቄስ ምርቃት መካከል ልዩነት አላደርግም፤ ማይክሮፎን ካየሁ አሜን ነው።

ባለፈው ቀሐ ወንዝ ዳር ድንኳን ተተክሎ ለሰላም ምህላ ተጠራንና በመሥሪያ ቤታችን መኪና ሄድን። ካህናቱ እግዚኦታውን ሲጨርሱ አንድ ባለሥልጣን ማይክሮፎኑን ተቀበለና «ጠላቶቻችንን ያጥፋልን!» አለ። ከሁሉ ቀድሜ «አሜን!» አልኩ። ከጎኔ የተንበረከኩት የጎረቤቴ አባት፣ የአምባ ጊዮርጊሱ ገበሬ አያ መኩሪያ ግን ዝም አሉ።

«አያ፣ ምነው አሜን አይሉም?»

«ሁለት ልጆች አሉኝ» አሉኝ ቀስ ብለው። «አንዱ ከመንግሥት ጋር ተሰልፏል፤ አንዱ ጫካ ገብቷል። ሰውዬው ያጥፋልን የሚለው ማንኛውን ነው?»

 

በመጨረሻ አንድ ሽማግሌ ቄስ «ሁሉንም በሰላም ወደየቤቱ ይመልስልን» ሲሉ፣ አያ መኩሪያ «አሜን!» ብለው ግንባራቸውን መሬት ላይ ደፉ። ሕዝቡ ተበተነ፤ ድንኳኑም ፈረሰ። እሳቸው ግን አልተነሱም።

«አያ፣ አለቀ እኮ» አልኳቸው።

«ላንተ ይሆናል ያለቀው» አሉኝ ቀና ሳይሉ።

የመሥሪያ ቤቱ መኪና ጥሩምባውን ደጋግሞ ነፋና ጥሎኝ ሄደ። እኔም ተመልሼ ከጎናቸው ተንበረከክሁ።