ቶነር ለብሶ ሽምግልና

ሰው አንድን ሥራ ዐሥር ዓመት ከሠራ በኋላ የጥንቃቄ ምክር እንደ ስድብ ይሰማዋል። ኤሌክትሪክ ሠራተኛው ገመዱን በጣቱ ነካ አድርጎ ይሞክራል፤ ብየዳ ቤት ያለው ሰውዬ መነጽሩን ግንባሩ ላይ ሰቅሎ ይበይዳል። ለምን ሲባል «ለምጄዋለሁ» ነው መልሱ። ዓይኑ ይልመደው አይልመደው ማን ጠየቀው? እኔም ከሚሴ ላይ ኮፒ ቤት ከከፈትኩ ጀምሮ ከለመዱት ወገን ነኝ።

የማሽኖቼ ሐኪም ጀማል ይባላል። ቶነር የሚባለውን የኮፒ ማሽን ጥቁር ዱቄት ሲሞላ ማስክ ያደርጋል፣ ጓንት ያጠልቃል፣ በሩን ወለል አድርጎ ይከፍታል። ከፈሰሰበትም በእርጥብ ጨርቅ ቀስ አድርጎ ያነሳዋል። ጋሼ፣ አደራ እፍ እንዳይሉት፣ ደቃቅ ስለሆነ ሳንባ ድረስ ይገባል፤ ሰውነትዎን ከነካ ደግሞ በቀዝቃዛ ውኃ ይታጠቡ፣ ሙቀት ያጣብቀዋል ይለኛል። እኔ ደግሞ በልቤ፣ ይሄ ልጅ ዱቄት ነው የሚሞላው ወይስ ቦምብ የሚያመክነው እላለሁ።

የጀማል ልብ ያለው ጨፋ ሮቢት ነው። የወደዳት ልጅ ነርስ ናት፤ አባቷ ጋሽ እንድሪስ ከማሽላና ከበሬ ጋር የኖሩ ገበሬ ናቸው። ሽማግሌ የመላኩ ቀን ሲቀርብ ጀማል እህል አልወርድ አለው፤ እምቢ ቢሉኝስ እያለ። ከሚልካቸው ሦስት ሽማግሌዎች አንዱ አድርጎ እኔን ለምን እንደመረጠኝ ዛሬም አይገባኝም።

በቀጠሮው ጠዋት ነጭ ሸሚዜ ላይ ነጭ ጋቢዬን ደርቤ ሚኒባሱን ስጠብቅ አንድ መንገደኛ መጣና የመታወቂያ ኮፒ ለመነኝ። አንዲት ኮፒ! ማሽኑ ግን የሰው ፊት የማይለይበት ግራጫ ወረቀት ተፋ። ቶነሩ አልቋል። በሩን እንደገረበብኩ፣ ከነጋቢዬ መሙላት ጀመርኩ፤ ጠርሙሱ ከእጄ አመለጠና ጠረጴዛው ጠቆረ። እዚህ ላይ ልምድ ያለው ሰው ምን ያደርጋል? በሙሉ ትንፋሼ እፍ አልኩት። ከሄደው ዱቄት ግማሹ ተመልሶ ፊቴ ላይ፣ ጋቢዬ ላይ፣ ጉሮሮዬ ውስጥ ገባ። ለማስነጠስ አየር ስስብ ደግሞ የቀረውን ጨረስኩት።

ከጎረቤት ሻይ ቤት ሙቅ ውኃ አስመጣሁ። እኛ ዘንድ እድፍ በሙቅ ውኃ ካልለቀቀ በምን ይለቃል? ባሸሁት ቁጥር ባሰበት። ዓይኔ ዙሪያውን ኩል የተኳለ ሙሽራ መሰለ፤ የእጄ ስንጥቆች ሁሉ በጥቁር ተሰመሩ። ሁለቱ ሽማግሌዎች ሲያዩኝ ክው አሉ። ግን የሽምግልና ቀጠሮ ይፈርሳል? ጋቢዬን ገልብጬ ለበስኩና ተሳፈርን።

ጋሽ እንድሪስ በኦሮምኛ «አካም ቡልተን»፣ እንዴት አደራችሁ እያሉ ተቀበሉን። እኔን ሲጨብጡኝ መዳፌን ገልበጥ አድርገው አዩት። እንደ ወጉ ቆመን ጉዳያችንን አቀረብን። ታላቃችን የጀማልን ሥራ ማወደስ ያዙ፤ ንጹሕ ሥራ ነው፣ ጥላ ሥር ነው፣ ፀሐይ የለው፣ አቧራ የለው። አቧራ የለው ሲሉ እኔ ሳልኩ። መሐረቤ ጠቆረ። ጋሽ እንድሪስን ግን ቀድሞውኑ ከፍቷቸው ነበር፤ ጥላ ሥር የሚውል በሬ እንኳ አልወድም አሉ።

ይባስ ብሎ የልጅቷ አክስት ከጓዳ ብቅ አሉ። ልጅቷ ጠይቂልኝ ብላለች፤ እኒህ ሰውዬ የሚስሉት ነገር የጀማልም ሳንባ ይገባል ወይ? አሉ።

ልዋሽ? ነርስ ናት፣ ታውቅብኛለች። እውነቱን ልናገር? ውርደቱ የኔ ነው። የልጁ ትዳር በእኔ ጉሮሮ ላይ ተንጠልጥሎ ሳየው ግን ከልቤ አፈርኩ። ወላሂ፣ ጀማል ያለ ማስክ ክዳኑን አይከፍትም፤ እፍ እንዳልለውም፣ በሙቅ ውኃ እንዳልታጠብም ነግሮኝ ነበር፤ ይሄ ሁሉ ጥቁረት ያልሰማሁት ምክር ነው አልኩ። አክስትየው ሳቃቸውን በነጠላቸው ሸፍነው፣ አብሽር ብለውኝ ገቡ። ጋሽ እንድሪስ ከዘመድ እንመካከር፣ በሁለት ሳምንት ተመለሱ አሉ።

ሳሌ አራት ቀን ቆይቶ ለቀቀኝ። ማስክም ጓንትም ገዛሁ። በሁለት ሳምንቱ በቀዝቃዛ ውኃና በሳሙና ተፈትጌ፣ አዲስ ጋቢ ለብሼ፣ እጄ እንደ ሕፃን እጅ ጸድቶ ተመለስን። ልጅቷ ጠንቃቃ ሰው ነው ብላ እሺ ብላለች ተባለ። ጋሽ እንድሪስም መርቀው ፈቀዱ። ከደስታዬ ብዛት አሜን ስል ድምፄ ከሁሉም በላይ ተሰማ።

ከዚያ ጋሽ እንድሪስ አንድ በአንድ አዩንና እኔ ጋ ሲደርሱ ቅር አላቸው። ወደ ታላቃችን ጠጋ ብለው፣ እኔ እየሰማሁ፣ «እኔ ልጄን የሰጠሁት የዚያን የጠቆረውን ሰውዬ እጅ አይቼ፣ ለካ እነዚህ ጥላ ሥር የሚውሉትም ይሠራሉ ብዬ ነው፤ ምነው ታዲያ እሱን አስቀርታችሁ ይሄን ሥራ ፈት አመጣችሁብኝ?» አሉ።